አንድ ዙር ለአባባ

ጎህ ሲቀድ ካቻቢቴ የጋራዡን በር ቆለፈና ቁልፉን ለማን አደራ እንደሚሰጥ ቆም ብሎ አሰበ። የሚሰጠው ሰው ቢያጣ ኪሱ ከተተውና መኪናው ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ካቻቢቴ የሚለው ካቻቢቴው፣ ያቺ ብሎን ማጥበቂያ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ከደረት ኪሱ ስለማትለይ ነው። ካቻቢቴ ብለው የማይጠሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው አባቱ፣ ከሞተ ቆይቷል። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሙ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አላናገረውም።

ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ክንድ የሚያህል አዲስ የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። መንገዱ ይንጠዋል ብሎ ስለፈራ ቀበቶውን ስቦ ሰው ይመስል አሰረው።

«በል ተመቻች» አለው፣ «መንገዳችን ሩቅ ነው።»

ለቱቦ ማውራት ከጀመረ ሰው ምን ይጠበቃል አትበሉ። ሰባት ዓመት ብቻውን ምሳ የበላ ሰው ከቱቦም ጋር ቢሆን ይጫወታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞት መንታ የሚመስሉ ሁለት የጭነት መኪኖች ትቶላቸው ነበር፣ አንዱ ለታላቅ፣ አንዱ ለታናሽ። አንድ ቀን የታናሽየው መኪና አየር ወደ ሞተሩ ከሚነፋው ከቱርቦው በታች ዘይት አረጠበ። ካቻቢቴ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከቱርቦው የሚወጣውን ቱቦ ነቀለ፣ ጣቱን ሰደደና አወጣ። ጣቱ በዘይት አብረቀረቀ። «ቱርቦው ሞቷል፣ አትድከም» ብሎ ፈረደ። ታናሹ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጠርገህ እይ እንጂ! ዘይት እኮ ይሮጣል፣ ከየት እንደመጣ አይናገርም» ቢለው፣ ካቻቢቴ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» ብሎ አሳቀበት። ታናሹ መፍቻዎቹን ሰብስቦ በዚያችው «ሞተች» በተባለች መኪና ከበረሃው ማዶ ያለውን ጨው ሜዳ ተሻግሮ ሄደ።

መኪናዋ ግን አልሞተችም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለጨው ሠራተኞች ሠፈር ውሃ ስታመላልስ ኖረች። ከዚያ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ «ወንድምህን አየነው፣ መኪናው ደህና ነች» ይለዋል። ካቻቢቴም ተሳስቶ እንደነበር በየጊዜው እየሰማ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አንድ ቃል ሳይልክ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ጨው የጫነ ሾፌር ጋራዡ ደጃፍ ቆመ።

«ወንድምህ ቆሟል። የቱርቦው ቱቦ ተቀዶበት። ቱቦ ላኩልኝ ነው የሚለው።»

«ከኔ?»

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። «ከየትም ይሁን ነው ያለው።»

ሠፈሩ ውስጥ ውሃ በበርሜል የቀረው ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ከሠፈሩ ጀርባ፣ ዝናብ በማይዘጋው በቋጥኙ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ከዚያ የሚያመጣላቸው ደግሞ የታናሹ መኪና ብቻ። ዝናቡ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ከገባ ጨው ሜዳው ጭቃ ሆኖ ለሁለት ወር መንገድ ይዘጋል፣ ጨው ላይ የወደቀ ዝናብም አይጠጣም። በዚህ ጊዜ ወደዚያ የሚሻገር ሾፌር አልተገኘም። ካቻቢቴ ሁለት ቀን ለመነ፣ በሦስተኛው ቀን የራሱን መኪና ማዘጋጀት ጀመረ።

ሲያዘጋጅም እንደ ሙሽራ አዘጋጃት። ሞተሩን አጥቦ እስኪያበራ ወለወለው። ቱቦዎቹን የሚያስሩትን የብረት ቀለበቶች አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ሁሉንም ካጠበቀ በኋላ እያንዳንዱን አንድ ዙር ጨመረለት። ይህ የአባታቸው ጋራዥ ሕግ ነበር። አባትየው ልጆቹ ብሎን ባጠበቁ ቁጥር ከኋላ ቆሞ «አንዷን ደግሞ ለኔ» ይል ነበር። ከሞተ በኋላም ሁለቱም «አንድ ዙር ለአባባ» ሳይሉ መፍቻ አስቀምጠው አያውቁም።

አስፋልቱ በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ አለቀ። ካቻቢቴ ጠጠሩን፣ ከጠጠሩ በኋላ ጥቁሩን የቋጥኝ አገር ያዘ። መኪናዋ እየዘለለች፣ ከሥሯ ያለው የባሌስትራ ብረት እየጮኸ፣ መሪው እጁን እየመታው ወጣ፣ ወረደ። ከሰው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገረው ነዳጅ ሲቀዳ ነበር፣ እሱም «ሙሉ» እና «በቃ» ብቻ ነው። ማታ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ሲነጋ ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ሰማዩ ከወደ ምሥራቅ ቡናማ የአቧራ ግድግዳ አቆመ። ካቻቢቴ መስኮቶቹን ዘጋ፣ አፉን በጨርቅ አሰረ፣ የፊት መብራቱን አበራ። ነፋሱ መኪናዋን ከጎን መታት። ኮፈኑ ጠፋው፣ መንገዱ ጠፋው። የቀደሙ ሾፌሮች በጠርዙ የደረደሯቸውን ድንጋዮች እየቆጠረ፣ አንዱን ካጣ እየቆመና ወርዶ በእግሩ እየዳሰሰ ተጓዘ። አንድ ጊዜ ከመኪናዋ አሥር እርምጃ ርቆ ዞር ሲል ሊያያት አልቻለም። ሞተሯን በጆሮው ተከትሎ ተመለሰና በሩን ዘጋ።

«ብቀር ኖሮ ማን ይፈልገኝ ነበር?» አለው ቱቦውን።

ነፋሱ ወደ ማምሻው ሲበርድ አሸዋማው ዳገት ጀመረ። እዚያ መኪናዋ ደከመች። ነዳጁን ቢረግጠውም አልጎትት አለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ተንቧለለ፣ ከኮፈኑ ሥር እንደ ተናደደ እባብ የሚያፏጭ ድምፅ ወጣ። ካቻቢቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ከቱርቦው የሚወጣው ቱቦ በዘይት ርሷል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ተለጥፎ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ጣቱን ሰደደ። አብረቀረቀ።

«ቱርቦው ነው» አለ ጮክ ብሎ።

ወጣት ሳለ ዘይቱን የሚገታው ማተሚያው ያለቀ ቱርቦ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። ሞተሩ በቱርቦው በኩል የራሱን ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ ቁልፍ ቢያጠፉበት የማይጠፋ እብድ ይሆናል፣ እየጮኸ ፍጥነቱ ይጨምርና ይፈነዳል። እዚህ ቢፈነዳ በእግር የትም አይደረስም።

አዲሱን ቱቦ ከቀበቶው ፈትቶ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አኖረና ከራሱ መኪና ቱቦ ጋር አስተያየው። መኪኖቹ መንታ ናቸው፣ ልክ ይገባል። ግን ቱርቦው ከሞተ ቱቦ መቀየር ለሬሳ ጫማ መግዛት ነው። ደግሞስ የወንድሙን ቱቦ ለራሱ አድርጎ ምን ይዞ ሊደርስ? የመኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። አገሩ ሁሉ ዝም አለ፣ ወፍ እንኳን አልነበረም። ካቻቢቴ በዚያች ሰዓት ሰው ናፈቀው፣ ሊሰድበውም የሚመጣ ቢሆን።

የመጣለት ግን ጅብ ነው። ኮቴው አልተሰማም። ጨርቁ ስንቅ የተቋጠረበት ነበርና የሥጋ ሽታ ነበረው፣ ጅቡ ቱቦውን ከነጨርቁ ከኮፈኑ ጠርዝ ጎትቶ ሲያወርድ ነው ካቻቢቴ ቀና ያለው።

«አንተ! ኧረ አንተ ሌባ! አስቀምጥ!»

መኪና የሚነሳበትን የክሪክ ዘንግ አነሳና ተፈተለከ። ጅቡ ወደ ቋጥኞቹ ሮጠ፣ ካቻቢቴ ተከተለው። አሸዋው እግሩን ዋጠው፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሌላ ጅብ ከጎን ብቅ አለ፣ ሦስተኛውም። ካቻቢቴ ግን ወይ ፍንክች። ለሰባት ዓመት ወደ ወንድሙ የሚያስኬድ ምክንያት አጥቶ፣ አሁን ያገኘውን ምክንያት ለጅብ አይሰጥም። ዘንጉን ወረወረው። የመጀመሪያውን ጅብ ጀርባውን አገኘው፣ ጮኸና ጥሎት ሄደ። ካቻቢቴ ቱቦውን እቅፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጅቦቹ አዙሮ፣ ድንጋይ እየወረወረ፣ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ እየደረደረ ወደ ኋላ እየሄደ መኪናዋ ውስጥ ገባ። የቱቦው አንዱ ጫፍ ላይ አራት የጥርስ ቀዳዳ ነበር። ቱቦው ሲገጠም ተለክቶ እንዲቆረጥ ትንሽ ረዘም ተደርጎ የተሠራ ነውና ጉዳቱ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ሆነ።

ጠዋት የሞተር ድምፅ ቀሰቀሰው። በር የሌላት ፒክአፕ በአሸዋው ላይ ወደሱ መጣች። ካቻቢቴ ከደስታው ብዛት እጁን እያውለበለበ ወረደ። ፒክአፗ የቆሙ መኪኖች በር፣ ራዲያተር፣ ባሌስትራ ተጭኖባት ሲያይ ግን ማን እንደሆኑ ገባው። በበረሃ የተጣለ መኪና እየፈቱ የሚሸጡ ብረት ለቃሚዎች ናቸው። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ትልልቅ የፊት ጥርስ ያለው ወሬኛ፣ ሌላው አፍ የሌለው ይመስል ዝምተኛ።

«እንዴት አደርክ አባት! ተኛችብህ እንዴ?» አለ ጥርሳሙ። ሳይጋበዝ ኮፈኑን ከፈተና ጣቱን ሰደደ። ጣቱን ለካቻቢቴ አሳየው። «ይኸው! ቱርቦው ሞቷል አባት፣ አትድከም።»

ካቻቢቴ በጥፊ እንደተመታ ሆነ። ቃሉ የራሱ ነበር፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል።

«እኛ እስከ አስፋልቱ እናደርስሃለን። እሷን ለኛ ትተዋለህ።»

«ወደ ጨው ሜዳው ነው የምሄደው። ወንድሜ ዘንድ። እናንተ ይቺን ቱቦ ብቻ አድርሱልኝና መኪናዋን ውሰዱ።»

«በዚህ ደመና? የምንሸጠው እኮ ብረት ነው፣ ነፍሳችንን አይደለም!»

ዝምተኛው ሰውዬ መፍቻ አውርዶ የኋላ ጎማውን ብሎን መለካት ጀምሯል። ካቻቢቴ አየው። ከዚያ ኮፈኑን አየ። ጥርሳሙ ሰውዬ ሳይጠርግ፣ ሳያደርቅ፣ በአንድ ጣት መፍረዱን አየ። የወንድሙ ፊት መጣበት፣ ሰው እየሳቀበት ጠርገህ እይ እንጂ ሲለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም ሰባት ዓመት ጎንበስ ሳይል ቀርቷል።

«እጅህን ከጎማዬ አንሳ» አለ። «ገና አላየኋትም።»

ቱቦውን ነቀለ። የቱርቦውን አፍ ከፍቶ ትንሿን ማራገቢያ በጣቱ ነካት፣ ያለ ኮሽታ ተሽከረከረች። ወደፊትና ወደኋላ ገፋት፣ አልተነቃነቀችም። ክንፎቿ ግድግዳውን ፍቀው እንደሆነ በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ጭረት የለም። ቱቦውን ዘቅዝቆ ዘይቱን በማንኪያ ተቀበለ። አንዲት ማንኪያ እንኳን አልሞላም። ይህችን ያህል ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ሲተነፍስ ያወጣታል። እና ጭሱ ጥቁር ነበር! ዘይት የሚያነድ ሞተር የሚያጨሰው ሰማያዊ ነው። ጥቁር ጭስ የቱርቦው አየር ሞተሩ ሳይደርስ ሲያመልጥ ነው። ይህን ለጀማሪ ሁሉ ሲያስተምር ኖሮ ትናንት ፍርሃት ዓይኑን ጋረደው።

ሁሉንም በናፍጣ አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ መልሶ ገጠመ። ከዚያ ከስንቁ ዱቄት ዘግኖ በቱርቦው ዙሪያና በየመጋጠሚያው ላይ ነሰነሰ።

ጥርሳሙ በሳቅ ፈረሰ። «ዳቦ ልትጋግርባት ነው እንዴ?»

ካቻቢቴ ሞተሩን አስነሳ። እየነዳ እስከ ሩቁ ቋጥኝ ሄዶ ተመለሰ፣ ጆሮው ያንን የእብድ ጩኸት እየጠበቀ። ጩኸቱ አልመጣም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቱርቦው ላይ ያለው ዱቄት እንደነጣ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፣ ከአንዱ በስተቀር። የቱቦው ጫፍ፣ ቀለበቱ ካለበት ሥር፣ በጥፍር ልክ ረጥቧል።

ቀለበቱን ፈታ። ብረቱ ጎማው ውስጥ ገብቶ እንደ ቢላዋ ቆርጦታል። አየሩ የሚያፏጨው፣ ዘይቱም የሚወጣው በዚያች ስንጥቅ ነው። ካቻቢቴ ስንጥቁን ደጋግሞ ዳሰሰው። የቆረጠው መንገዱ አይደለም፣ ነፋሱ አይደለም። የመጨረሻዋ ዙር ናት። የአባባ ዙር።

ያን ጊዜ የወንድሙ ቱቦ ያረጠበበትም ምክንያት ተገለጠለት። ያንን ቀለበት መኪናው ዘይት ከማርጠቡ ከአንድ ቀን በፊት ያጠበቀው ራሱ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ብረት ለቃሚዎቹ እንዳያዩት ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

የተጎዳውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በቢላዋ ቆረጠ፣ የቀረውን ስቦ ገጠመ፣ ቀለበቱን አጠበቀ። ያዝ ሲያደርግ እጁ እንደ ልማዱ ሊጨምር ሄደ። በሌላው እጁ ያዘው። ካቻቢቴዋን ኪሱ ከተተ።

«የትም አትደርስም!» አለ ጥርሳሙ። «ስትቆም እንመጣለን።»

እውነትም ተከተሉት። ቀኑን ሙሉ በአንድ ድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ሆነው መቆሙን ጠበቁ። አሸዋውን ሲወጣ ወጡ፣ ለመጠጣት ሲቆም ፈጥነው ተጠጉ፣ ሲነሳ ተመልሰው ራቁ። ጠባቡ የቋጥኝ በር ላይ ቀድመው ሊዘጉበት ሞከሩ። ካቻቢቴ ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ረገጠው፣ መኪናዋ በሙሉ ጉልበቷ አገሳች፣ የፒክአፗን መስታወት ገጭታ አለፈች። ጥቁር ጭስ አልነበረም።

ጨው ሜዳው ጠርዝ ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ። ፒክአፗ ቆመች። ዝምተኛው ሰውዬ ወርዶ ጨውን በእግሩ ጫን ጫን አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ፦

«አባት፣ ተመለስ!»

ካቻቢቴ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበላቸው። ፒክአፗ ዞራ ስትሄድ በመስታወት እያያት ነበር፣ እስክትጠፋ። ጠፍታ ሲያይ ከፋው። ሌባም ቢሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ከኋላው ሰው ነበረ።

ከፊቱ ነጭ ሜዳ፣ ከላዩ ጥቁር ሰማይ። ዝናቡ ጠነከረ፣ የጨው ቅርፊቱ ከጎማው ሥር እየተሰበረ ጭቃ ተፋ። መቆም አይቻልም፣ የቆመ ይሰምጣል። መኪናዋ ስትንሸራተት በመሪው እየመለሰ፣ ስትሰጥም በነዳጅ እያወጣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ ፍሬን ሳይነካ ነዳ። ስለ ቱርቦው አላሰበም፣ ቀለበቱን በልኩ እንዳጠበቀ ያውቃል። ያሰበው ሲደርስ ምን እንደሚል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይለኛል፣ ብሎ ፈራ። ከዝናቡ ውስጥ የሠፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብቅ ሲሉ ገና ቃል አላገኘም ነበር።

መንታዋ መኪና በመጠለያ ሥር ቆማለች። ኮፈኗ ሥር ጎንበስ ያለ ሰው ቀና አለ። ፀጉሩ ሸብቷል። ካቻቢቴ ከነጭቃው ወርዶ ቱቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

ታናሹ አየው። ከዚያ ቱቦውን አየ።

«ይሄ የምን ቀዳዳ ነው?»

«ጅብ ቀምሶት ነው። ጫፉን እንቆርጠዋለን።»

«አንተን ላኩልኝ አላልኩም።»

«አውቃለሁ። ከየትም ይሁን ነው ያልከው።» ካቻቢቴ መንገዱን ሙሉ የፈለገው ቃል ያን ጊዜ መጣለት። «የዛሬ ሰባት ዓመት ሳልጠርግ ነው የፈረድኩብህ። ጥፋቱም የኔ ነበር። ያችን ቀለበት ያጠበቅኋት እኔ ነኝ፣ የአባባ ዙር ነው ጎማውን የቆረጠው። የኔንም በመንገድ ላይ ቆረጠው።»

ታናሹ የተቀደደውን አሮጌ ቱቦ ከመሬት አንስቶ ጫፉን ዳሰሰ። እዚያም ብረት የቆረጠው ምልክት ነበር፣ በቀለበቱ ልክ፣ ዙሪያውን። ታናሹም በሰባት ዓመት ውስጥ መፍቻ ባነሳ ቁጥር፣ ብቻውን፣ በዚህ በረሃ፣ አንድ ዙር ለአባባ ሲል ኖሯል። ቱቦውን ለካቻቢቴ አሳየው።

«እኔ ደግሞ ጎማው ረካሽ ነው እያልኩ ነጋዴውን ስረግመው ነበር» አለ።

ካቻቢቴ ሳቀ። ታናሹም ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊቀየር ሲል ፊቱን አዞረ።

አብረው ሠሩ። ካቻቢቴ ከሁሉም በፊት ጨርቅ ጠይቆ ጠረገ፣ ወንድሙ ቆሞ እያየው። ጅብ የበላውን ቆረጡ፣ ቱቦውን ገጠሙ። ካቻቢቴ ቀለበቱን አጠበቀ፣ ያዝ ሲያደርግ ቆመ።

«አንዷን ለአባባ» አለ ታናሹ፣ ከአፉ አምልጦት።

«አባባ ይረፍ» አለ ካቻቢቴ።

ዱቄት ነሰነሱና ሞተሩን አስነሱ። በመኪናዋ በዝናቡ ውስጥ የሠፈሩን ዳር ዞረው ሲመለሱ ሴቶች ባዶ ጀሪካን እየያዙ ከየቤቱ ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። ኮፈኑን ሲከፍቱ ሁለቱም እኩል ጎንበስ አሉ፣ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። ዱቄቱ ነጭ ነበር፣ ዙሪያውን ሁሉ።

ታናሹ ወደ ጨው ሜዳው ተመለከተ። የካቻቢቴ ጎማ የሠራው መስመር ውሃ ሞልቶት ጠፍቷል።

«መንገዱ እኮ ተዘጋብህ፣ ወንድም ጋሼ። ሁለት ወር መውጫ የለህም።»

ካቻቢቴ ኪሱን ዳሰሰ። ለማንም ያልሰጠው የጋራዡ ቁልፍ እዚያው ነበር። አውጥቶ ለወንድሙ ሰጠው።

«በል ያዝልኝ» አለ። «አሁን ጉድጓዱ ወዴት ነው? ሰው ውሃ ጠምቶታል።»

ታናሹ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከመሪው ጎን ወዳለው ወንበር አመለከተው። ካቻቢቴ ወጥቶ ተቀመጠና ቀበቶውን አሰረ።